በጽሑፍ ያለም ይረሳል

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። እኔም በመምህርነት ዘመኔ ይቺን ምሳሌ ስንት ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኳት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ተማሪው ይገለብጣል፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ደወል ይደወላል፣ እንበተናለን። ዛሬ ግን በዚህ ዕድሜዬ ከአበው ጋር ልጣላ ተነሥቻለሁ። በጽሑፍ ያለም ይረሳል። ኧረ እንዲያውም የባሰ ይረሳል! በቃል ያለውን የዘነጋ ሰው «አልሰማሁም» ብሎ ያመልጣል። በጽሑፍ ያለውን የዘነጋ ግን ምን ብሎ ያመልጣል? «አላነበብኩም» ከማለት በቀር መንገድ የለውም። እሱ ደግሞ ሰበብ አይደለም፤ ኑዛዜ ነው።

ጠቡን ያስነሣው ኦቾሎኒ ነው።

ነቀምቴ መናኸሪያ ቁጭ ብዬ አውቶቡሱ እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ መጥቶ በወረቀት የተጠቀለለ ኦቾሎኒ ሸጠልኝ። በልቼ ስጨርስ ወረቀቱን ልጥለው አልኩና የአስተማሪ ዐመል አልለቅ ብሎኝ ዘርግቼ አነበብኩት። የአንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ፔሮል ነው። ተራ ቁጥር፣ ስም ከነአባት፣ የሥራ መደብ፣ ደመወዝ፣ ለጡረታ የተቆረጠ፣ የተጣራ፣ ፊርማ። ስሞቹ በዚያ በድሮ ጸሐፊ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ተደርድረዋል። ከታች በኩል አንድ ዘበኛ አለ። ደመወዙ 50 ብር ነው፤ 2 ብር ለጡረታ ተቆርጦበታል። በፊርማው ቦታ አውራ ጣቱን አትሟል። ቀለሙ ገና አልደበዘዘም፤ የኦቾሎኒው ጨው ብቻ ተበትኖበታል።

«ማሙሽ፣ ይሄን ወረቀት ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ከሱቅ ነው ጋሼ። በኪሎ ይሸጣል።»

በኪሎ! እስቲ ያስቡት። ያ ዘበኛ በሕይወት ካለ ዛሬ ሽማግሌ ነው። እሱ ባይኖር ሚስቱ ትኖር ይሆናል። እሷ አንድ መስኮት ፊት ቆማ «ባልሽ እዚህ መሥራቱን የሚያሳይ ማስረጃ አምጪ» ስትባል፣ ማስረጃው መናኸሪያ ውስጥ እኔ እጅ ላይ ጨው ለብሶ ተቀምጧል። መሥሪያ ቤት ራሱ የጻፈውን፣ ራሱ ያስፈረመውን፣ ራሱ በኪሎ የሸጠውን ወረቀት መልሶ ከባልቴቷ ይጠይቃል። የሌባ ዐይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት ይሄ ነው።

ወደ ነቀምቴ የሄድኩት ግን ለኦቾሎኒ አልነበረም። አስቴር ጋኖ የምትባል ሴት ፍለጋ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢዬን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። አስቴር ጋኖን ያውቋታል? እጅዎን አያውጡ፤ ለራስዎ ይመልሱ። ኦሮምኛ የሚያነቡ ወዳጆቼ «እኛማ እናውቃታለን» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ስሟን ያውቃሉ። ስም ማወቅና ሰው ማወቅ ግን ለየቅል ነው። በስሟ የሚምል እንጂ በዱካዋ የሚሄድ ብዙ አላየሁም። በአማርኛ የምናነበው እኛ ደግሞ አብዛኞቻችን ስሟንም አልሰማንም። እኔ ራሴ ሥነ ጽሑፍ እያስተማርኩ ስሟን ሳልሰማ ስንት ዓመት እንደኖርኩ ስናገር አፍራለሁ። ወደዚህ ኀፍረት እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ መዛግብቱ የሚሉትን እንስማ። ዓመቶቹን ምንጮቹ በያዙት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ።

የመጀመሪያው መዝገብ የባሕር ነው። ጣልያን ምጽዋን በያዘች በዓመቱ፣ በ1886፣ የጣልያን መርከቦች ባሪያ ጭና ወደ ዐረብ አገር የምትሄድ ጀልባ ይይዛሉ። ከተጫኑት አንዷ ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ የሆናት የኦሮሞ ልጅ ናት። በነፃነት የተወለደች፣ ኋላ ግን በሊሙ ኤናርያ ንጉሥ እጅ ባርነት የወደቀች። ልብ ይበሉ፤ ይቺ ልጅ ወደ መዝገብ የገባችው እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ተያዘ ጭነት ነው።

ሁለተኛው መዝገብ የትምህርት ቤት ነው። ነፃ የወጣችው ልጅ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባል ስፍራ የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ኦኔሲሞስ ነሲብ አለ። የኢሉባቦሩ ሂካ እሱም በልጅነቱ ተሸጦ፣ እሱም ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥቶ፣ ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። በኦሮምኛ «ሂካ» ማለት ፈቺ፣ ተርጓሚ ማለት ነው፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ሲታገል ይቺ ልጅ የቋንቋውን ጓዳ ከእሱ ይልቅ እንደምታውቅ ደረሰበት። በልጅነቱ ከአገሩ የወጣ ሰው ቃል ያጥረዋል። አስቴር ግን ቃሉን ይዛው ነበር። መዝገበ ቃላቱን የማሰባሰቡ ሥራ ለእሷ ተሰጠ።

ሦስተኛው መዝገብ የማተሚያ ቤት ነው። በ1893 አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ ታተመ፤ የእሷ መዝገበ ቃላት ትርጉሙን ለማረም አገልግሏል። በ1894 ለጀማሪዎች የንባብ መጽሐፍ ወጣ። አስቴር ወደ 500 የሚጠጉ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች በጽሑፍ አስፍራ ነበርና ብዙዎቹ እዚያ ውስጥ ገቡ። ቀሪው ሳይታተም ስዊድን አገር በአንድ የሚስዮናውያን ቤተሰብ እጅ ተጠብቆ እንደቆየ ተጽፏል። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችንም ተርጉማለች፤ በመዝሙር መጽሐፉ ሥራም አለችበት። በ1899 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ፣ በግዕዝ ፊደል፣ ስዊስ አገር ቅዱስ ክሪሾና ላይ ታተመ። የርዕስ ገጹ ላይ ያለው ስም አንድ ነው፤ ኦኔሲሞስ።

አራተኛው መዝገብ የጉዞ ነው። በ1904 ኦኔሲሞስ፣ አስቴርና ሌሎች ነፃ የወጡ ኦሮሞዎች ወለጋ ገቡ። ነቀምቴ ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አስቴር መምህርት ሆነች።

ከዚያስ?

ከዚያማ በ1964 ዐረፈች። አለቀ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስላ። ከተያዘችው ጀልባ ወለጋ እስከገባችበት ድረስ ያለው 18 ዓመት ነው። ለዚያ 18 ዓመት የመርከብ ወሬ፣ የትምህርት ቤት ወሬ፣ የታተመ መጽሐፍ፣ የእጅ ጽሑፍ አለ። ወለጋ ገብታ እስክትሞት ያለው ደግሞ 60 ዓመት ነው። በ60 ዓመት ውስጥ ምኒልክ ዐርፈዋል፣ ኢያሱ ወርደዋል፣ ዘውዲቱ ነግሠዋል፣ ጣልያን ገብቶ ወጥቷል፣ ኃይለ ሥላሴ ተሰደው ተመልሰዋል። አስቴር በዚህ ሁሉ መካከል ነቀምቴ ነበረች። ለዚያ ሁሉ ዘመን ተራው አንባቢ እጁን ዘርግቶ የሚያገኘው ምንድን ነው? አንድ ግማሽ ዐረፍተ ነገር፤ «በነቀምቴ መምህርት ነበረች።»

በባዕዳን እጅ 18 ዓመት፣ አራት መዝገብ። በአገሯ 60 ዓመት፣ ግማሽ ዐረፍተ ነገር። የዛሬው ጽሑፌ ሙግት ይሄው ነው፤ ሌላው ሁሉ ማብራሪያ ነው። አስቴር ጋኖ ባሕር ላይ አልጠፋችም፤ የጠፋችው አገሯ ከገባች በኋላ ነው። ያጠፋናትም እኛ ነን።

«መቼም ነጭ ማወደስ ትወዳለህ» የሚለኝ አይጠፋም። የለም። ስዊድኖቹ መልአክ አልነበሩም። የመዘገቡት ለአለቆቻቸውና ለለጋሾቻቸው ሪፖርት ስለሚያደርጉ ነው፤ የርዕስ ገጹ ላይም ስሟ የለም። ጣልያኖቹም ቢሆኑ ባሪያ የጫነች ጀልባ ከያዙ ከዐሥር ዓመት በኋላ ዐድዋ ላይ ምን ሊያደርጉን እንደመጡ እናውቃለን። ነገር ግን አንድ ልማድ ነበራቸው፤ የጻፉትን አይጥሉም። ጉስታቭ አሬን የተባለው ስዊድናዊ የታሪክ ጸሐፊ በ1978 ስለ ኢትዮጵያ ወንጌላውያን ፋና ወጊዎች የጻፈውን መጽሐፍ ሲያዘጋጅ አስቴርን ያገኛት በሕልሙ አይደለም። የተቀመጠ ደብዳቤ ስለነበረ ነው። ሰማንያና ዘጠና ዓመት የተቀመጠ ደብዳቤ! እኛ ዘንድ ቢሆን ስንት ኪሎ ይመዝን ነበር?

እኛስ ምንም አልጻፍንም? ጽፈናል እንጂ! ነቀምቴ የነኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት አለ። ደጃዝማች ኩምሳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ጋር የተጻጻፉት ደብዳቤ እየተገላበጠ ሳይጠፋ ቆይቶ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ አሰባስበው በ1997 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለአንባቢ አብቅተውታል። ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ዓመተ ምሕረት ያለው የወለጋ ኑሮ በአማርኛ ደብዳቤ ተዘርግቶ ይታያል። ይሄ ትልቅ ሀብት ነው። ግን ሲያነቡት ያ ዘመን በዋናነት ምን ለመጻፍ ቀለም እንዳወጣ ይገባዎታል፤ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ግብር። ወርቁ በወቄት ይቆጠራል። የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልን «ዝክረ ነገር» ያገላበጠም ይሄንኑ ያያል፤ መሬቱ፣ ግብሩ፣ ማዕረጉ በጥንቃቄ ሰፍሯል። መጻፍ እናውቅበታለን። የጻፍነው ግን ሰው የሚከፍለውን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

አሁን ወደ ሕጉ ልሂድ፤ ሕግ ሲጠራ ብዙ ሰው ያዛጋል፣ ግን ታገሡኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በውስጡ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ የሚናገሩ ብዙ አንቀጾች አሉ። ማን እንደሚመዘግብ፣ እንዴት እንደሚመዘግብ፣ መዝገቡ የት እንደሚቀመጥ ተዘርዝሯል። እንዴት ያለ ሕግ ነው! ታዲያ ወደ መጨረሻው ገጽ ይሂዱ፤ አንቀጽ 3361። የክብር መዝገብ ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ ቀን እስኪቆረጥላቸው ድረስ አይጸኑም ይላል። ሕጉ በአንድ እጁ ሰጠ፣ በሌላ እጁ ነጠቀ።

ያ ቀን መቼ መጣ? ንጉሡ ወረዱ፣ አልመጣም። ደርግ መጣ ሄደ፣ አልመጣም። በመጨረሻ በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 760 ወጣ፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከ55 ዓመት በላይ! አስቴር ስትሞት ሕጉ በሥራ ላይ ነበር፤ ስለ ሞት መዝገብ የሚናገረው ምዕራፍ ግን ተኝቶ ነበር። ወላጆቻችንም፣ እኛም፣ ከእኛ በታች ያሉትም የተወለድነው ምዕራፉ በተኛበት ዘመን ነው። ስለዚህ ነው በዚህች አገር ሰው መኖሩን ለማስረዳት «ሦስት ምስክር ይዘህ ና» የሚባለው። መንግሥት ያልጻፈውን ጎረቤት ይማልልሃል።

ይሄም ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የጻፍነውን ደግሞ በየመንግሥቱ እንበትነዋለን። ወለጋ ጠቅላይ ግዛት ነበረ፤ ክፍለ ሀገር ተባለ፤ ከዚያ ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ቄለም፣ ሆሮ ጉዱሩ ተብሎ በዞን ተከፋፈለ፤ ከፊሉም ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሄደ። አስተዳደር መከፈሉን አልቃወምም፤ የሚመለከታቸው ይነጋገሩበት። ግን ወረዳ በተከፈለ ቁጥር ፋይል ምን ይሆናል? ጠረጴዛው ይቆጠራል፣ ወንበሩ ይቆጠራል፣ መኪናው ያጣላል። ፋይሉን የሚጣላበት የለም። «የእናንተ ነው፣ አይ የእናንተ ነው» ሲባባሉ ክረምት ይመጣል፤ ጣሪያው ያፈሳል፤ ቀሪውን አይጥና ባለሱቅ ይጨርሱታል።

አሁን ወደ ራሴ ኀፍረት። ሌላውን ስወቅስ ውዬ ራሴን ባልፍ ነውር ነው።

ዓመት በመጣ ቁጥር የዘመናዊ ሥነ ጽሑፋችንን ታሪክ የምጀምረው ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ ሮም፣ 1908። ልክ ነው፤ በአማርኛ ልብ ወለድ መጀመሪያው እሱ ነው። ግን የትምህርቱ ስም «የአማርኛ ልብ ወለድ» አልነበረም፤ «የኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ» ነበር። ከአፈወርቅ 14 ዓመት ቀደም ብሎ አንዲት ከባርነት የወጣች ወጣት ሴት የሕዝቧን ሂቦና መማክሳ ሰብስባ፣ በፊደል ጽፋ፣ ለማተሚያ ቤት ማብቃቷን አላስተማርኩም። አላወቅኩማ! ለምን አላወቅክም ብትሉኝ «አልተማርኩትም» እላለሁ። መምህሬም እንዲሁ ይላል። እንዲህ እየተቀባበልን ነው የረሳናት። መርሳት የጊዜ ሥራ ይመስለን ነበር፤ ለካ የትምህርት ዝግጅት ኖሯል።

የአስቴር ዕጣ ደግሞ አንድ የተለየ ክፋት አለበት። ለእኛ ለአማርኛ ሰዎች የጻፈችው በኦሮምኛ ስለሆነ «የእኛ አይደለም» ብለን አለፍነው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ የተማረው የኦሮሞ ወጣት ደግሞ ቋንቋው የእሱ ሆኖ ሳለ ፊደሉን ስለማያነብ የመጽሐፉ ገጽ ተዘጋበት። አንዱ ፊደሉን ያውቃል፣ ቋንቋውን አያውቅም። አንዱ ቋንቋውን ያውቃል፣ ፊደሉን አያውቅም። መጽሐፉ በመካከላችን ተቀምጦ እኛ ስለ ፊደል እንጣላለን! አንዲት ሴት በጀልባ ተጭና ከሞት አፍ ተርፋ ያቆየችልንን ለማንበብ ሁለት ሰው ጎን ለጎን መቀመጥ ብቻ ይበቃ ነበር። ያንን ነው ያቃተን።

ኦኔሲሞስን ለመውቀስ አይደለም። እሱ የቻለውን አድርጎ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. ዐርፏል፤ አይራ ላይ ሴሚናሪ በስሙ ተሰይሞለታል፤ ይገባዋል። የአንዱ ክብር የሌላው ስርቆት እንዲሆን አልፈልግም። ግን ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው የርዕስ ገጽ ያጎደለውን እኛ ዛሬም እያጎደልን መቀጠላችን የእሱ ጥፋት ሊሆን አይችልም።

«ምን ይለውጣል?» ይላሉ ደግሞ። ሥራው እስካለ ድረስ የሠራችው ስሟ ቢኖር ባይኖር? ይሄን የሚል ሰው ሁልጊዜ የራሱ ስም የተጻፈለት ሰው ነው። በቼኩ ላይ፣ በካርታው ላይ፣ በዲግሪው ላይ ስሙን አንድ ፊደል ቢያሳስቱበት ሦስት ቀን ቢሮ የሚመላለስ ሰው ነው። ለራሱ ፊደል የሚጨነቀውን ያህል ለሌላው ሙሉ ስም ይጨነቅ ማለት ብዙ መጠየቅ ነው እንዴ?

«ድሃ አገር ነን፤ ለመዝገብ ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚሉም አሉ። እነዚህን በትዕግሥት ልመልስላቸው። ለሐውልት ገንዘብ ከየት መጣ? በዓል ሲከበር ለቲሸርት፣ ለባነር፣ ለድንኳን ከየት መጣ? እኛ ሐውልት እንወዳለን፤ መዝገብ አንወድም። ምክንያቱም ሐውልት ይመረቃል። ሪባን አለው፣ መቀስ አለው፣ ካሜራ አለው። መዝገብን ግን ማን ይመርቀዋል? በየዕለቱ አቧራውን መጥረግ ብቻ ነው። ሐውልት የምናውቀውን ሰው ያሳየናል፤ የማናውቀውን የሚያሳየን መዝገብ ነው። ለአስቴር ነገ ሐውልት ቢቆም ደስ ይለኛል፤ ግን ከሐውልቱ ሥር የሚጻፈውን ከየት ልናመጣ ነው? ያንኑ ግማሽ ዐረፍተ ነገር ልንቀርጽላት?

ዲጂታል የሚሉም አሉ። ፋይዳ መጥቷል፣ ጣት ተነክቶ፣ ዐይን ታይቶ ቁጥር ይሰጣል። ጥሩ ነው፤ አልቃወምም። ግን ፋይዳ የሚመዘግበው ዛሬ መጥቶ የቆመውን ነው። ያ ዘበኛ በጣቱ ያተመውን ግን ማን ይፈልግለት? የጣት አሻራ በእኛ አገር አዲስ ቴክኖሎጂ አይደለም፤ ድሃው ሲጠቀምበት የኖረ ፊርማ ነው። አዲሱን አሻራ በኮምፒውተር እያስቀመጥን አሮጌውን ኦቾሎኒ ከጠቀለልንበት ሥልጣኔው ምኑ ላይ ነው?

ይሄ ሁሉ የሙታን ነገር እንዳይመስላችሁ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ምዕራብ ወለጋ፣ ጊምቢ ወረዳ፣ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። የሟቾቹ ቁጥር ስንት ነው? መንግሥት አንድ ቁጥር አለ፤ የተረፉት ሰዎች ሌላ አሉ። ሕፃናት የሞቱበትን ቀን በቁጥር ተከራከርንበት! የሞት ምዝገባ ሕግ በሥራ ላይ ከዋለ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነበር። ስም በስም፣ አባት በአባት የተጻፈ መዝገብ ቢኖር ክርክሩ ከየት ይመጣ ነበር? በዚያው ወለጋ ባለፉት ዓመታት በሌላ ቦታ፣ በሌላ እጅ የተገደሉትም እንዲሁ ናቸው። ማንም ይግደላቸው ማን፣ ስማቸው ካልተጻፈ ሁለተኛ የሚገድላቸው መዝገብ ቤቱ ነው። ከምሥራቅ ወለጋና ከሆሮ ጉዱሩ ሕይወታቸውን ይዘው ብቻ የወጡት ተፈናቃዮችስ? ቤቱ ይሠራ ይሆናል፣ ከብቱ ይተካ ይሆናል። «ይሄ መሬት የእኔ ነበር፣ እዚህ ተወልጃለሁ» የሚለውን ወረቀት ማን ይተካላቸዋል? አሁንም ሦስት ምስክር? ምስክሮቹም እኮ ተበትነዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጩኸህ ጩኸህ መፍትሔ የለህም እንዳልባል፣ ገንዘብ የማይጠይቁትን አስቀድሜ ልናገር።

አንደኛ፣ ማንም መሥሪያ ቤት የእጅ ጽሑፍ ያለበትን፣ ስምና ፊርማ የሰፈረበትን ወረቀት በኪሎ አይሽጥ። ስለ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት በ1991 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ አለን፤ ቁጥሩ 179 ነው። አዋጁን ያላነበበ የንብረት ክፍል ኃላፊ ቁልፍ አይያዝ።

ሁለተኛ፣ ነቀምቴ ላይ አንድ የማያፈስ ክፍል ይሰጠን። ሕንፃ አላልኩም፤ ክፍል ነው ያልኩት። የብረት መደርደሪያ፣ አንድ የሚያነብ ሰው፣ አንድ መዝገብ። ከጊምቢ፣ ከደምቢዶሎ፣ ከሻምቡ የሚጣለው ሁሉ ከመጣሉ በፊት እዚያ ይለፍ።

ሦስተኛ፣ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነቀምቴ ከተከፈተ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱን አስመርቋል። እያንዳንዱ የታሪክና የቋንቋ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ የተረሳ ሰው በመዝገብ ተከታትሎ ይጻፍ። ጀግና አይሁን፤ ደጃዝማች አይሁን። አዋላጅ ይሁን፣ ጸሐፊ ይሁን፣ ዘበኛ ይሁን። የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ፣ የመስጊድ የኒካህ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የእድር ደብተር፣ የትምህርት ቤት ሮስተር ይፈትሽ። እድርተኞች እኮ ከመንግሥት የተሻለ የሞት መዝገብ አላቸው!

አራተኛ፣ የአስቴር የእጅ ጽሑፎች ቅጂ ይምጣልን። ዛሬ ፎቶ አንሥቶ መላክ የደቂቃ ሥራ ነው። ሲመጣም ፊደሉን የሚያውቅና ቋንቋውን የሚያውቅ ጎን ለጎን ይቀመጡ። በነቀምቴ ያሳለፈችውን 60 ዓመት ደግሞ ከስዊድን አንጠብቅ፤ እሱ ያለው እዚሁ ነው። ያስተማረቻቸው ልጆች የልጅ ልጆች አሏቸው፤ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የመዝሙር ደብተር አይጠፋም። ሣጥኑ ሲከፈት ግን ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ክፍል ያስፈልጋል፤ ሁለተኛውን ነጥብ ይመልከቱ።

አበውን ተጣላሁ ብዬ ነበር። እንግዲህ እንታረቅ፤ ምሳሌዋን አልሰርዛትም፣ አንድ ቃል ብቻ ልጨምርባት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ፣ ጠባቂ ካገኘ፣ ይወረሳል።

የዚያ ዘበኛ ፔሮል እኔ ዘንድ ነው። ጨዉን አራግፌ፣ በሁለት ካርቶን መካከል ተጭኜ አስቀምጬዋለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም እዚህ አልጻፍኩም፤ ማፈር ካለበት ራሱን ያውቃል። የዘበኛውንም ስም አልጻፍኩም፤ እሱን ለማሳፈር ምክንያት የለኝምና። ልጆቹ ወይም ባለቤቱ አባታቸው የት እንደሠራ፣ በየትኛው ወር 2 ብር እንደተቆረጠበት ማስረጃ አምጡ ተብለው ከተቸገሩ ግን ይምጡ። ወረቀቱ አለ።